ለጊዜው የተሞላ ቀዳዳ

የልጅ ልጄ ባሏን ሊያሳጣት የሚችለውን ነገር ከማንም በፊት የነገረችው ለኔ ነው። ወሬ ይዤ ደረጃውን እስከ ታች ሳልተነፍስ ወርጄ ለማላውቀው ለኔ። ሌላ ሰው ቢኖራት ኖሮ እኔን አትመርጥም ነበር። እናቷ ሞታለች፣ እህት የላትም፣ ጓደኞቿ ሁሉ የባሏም ጓደኞች ናቸው፣ አንድ መሥሪያ ቤት የሚውሉ። የኔ አልጋ ደግሞ እዚያው ሳሎናቸው ጥግ ነው፤ ባይነግሩኝም መስማቴ አይቀርም።

ሥራቸውን ሳልነግራችሁ ሐዘናቸው አይገባችሁም፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

አንድ ቀን ምሳ ዕቃቸውን ረስተው ወጡና ላድርስላቸው ብዬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ምሳ ዕቃውን የደበቅሁት እኔው ነኝ፣ የሚውሉበትን ቦታ ማየት ፈልጌ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ አይከፈትም፣ ምንጣፉ አቧራ አቧራ ይሸታል፣ ጠረጴዛቸው ጀርባ ለጀርባ ነው። ሰማይ የሚመረምሩ ሰዎች ናቸው ስለተባልኩ ትልቅ መነጽር፣ ቱቦ ምናምን ጠብቄ ነበር። የለም። ሁለት ኮምፒውተር፣ ውሃ የጠማው ተክል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ እንቁላል የመሰለ ጥቁር ሥዕል፣ ወገቡን በቀይና በቢጫ መቀነት የታሰረ።

ሰማዩ ነው አለችኝ። ዐይናችን ጋማ ጨረር ማየት ቢችል ኖሮ እንዲህ ሆኖ ነው የሚታየን። ካልቻለ ታዲያ ምን አደከማችሁ ስላት ባሏ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሳቀ። ሳቁ ቀስ ያለ ነው፣ ሁለ ነገሩ ቀስ ያለ ነው፤ ጭምቱ ነው የምለው። እሷን ድንቢጥ እላታለሁ። ከልጅነቷ ጀምሮ ቀጫጫ ናት፣ አፏ ግን አያርፍም። በማን እንደወጣች አትጠይቁኝ።

ሁለቱ ተራ በተራ አስረዱኝ፤ እኔ የገባኝን ልንገራችሁ። ኮከብ ሲፈነዳ ዐይን የማያያት ብናኝ ይበትናል። ኮስሚክ ሬይ ይሏታል። ቤት የላት፣ አድራሻ የላት፣ እዚሁ ጋላክሲያችን ውስጥ ለሚሊዮን ዓመት ወዲያ ወዲህ ስትል ትኖራለች። ከዋክብቱ መሀል ያለው ቦታ ደግሞ ባዶ ይመስላል እንጂ ጋዝ አለበት። ብናኟ ጋዙን ስትገጨው ብልጭ ይላል። ያ ነው ጋማ ጨረሩ። ጋዝ ሲበዛ ብልጭታው ይበዛል፣ ጋዝ ሲያንስ ያንሳል። ላይ የምትዞር ሳተላይት ብልጭታውን አንድ በአንድ ትለቅማለች።

ጭምቱ ጋዙ የት የት እንዳለ ካርታ ይሠራል። ሌሎች ሰዎች በራዲዮ ቴሌስኮፕ የለኩትን ቁራጭ በቁራጭ እየገጣጠመ አንድ ያደርገዋል። ድንቢጥ ብናኟ እንዴት እንደምትሮጥ ታሰላለች። ሁለቱን ያጋቡና "እዚህ ጋ ይሄን ያህል ብርሃን መኖር አለበት" ይላሉ፤ ሞዴል የሚሉት ይሄን ነው። ከዚያ ሳተላይቷ ካየችው ላይ ይቀንሱታል። ሒሳቡ ልክ ከሆነ ምንም አይተርፍም። ከተረፈ ወይ ተሳስተዋል፣ ወይ ማንም የማያውቀው ነገር አግኝተዋል።

ተረፈላቸው። ከጋላክሲው መሀል ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከሥዕሉ ላይ የጥፍሬን ያህል ቦታ፣ ከምንም የማይመጣ ብርሃን።

ያ ብርሃን ለዚያ ቤት ምን እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ድንቢጥ የሰባት ወር ልጅ በሆዷ ሞቶባት ነበር። ሴት ልጅ። ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ ስለሷ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ጨው አቀብለኝ፣ መብራቱን አጥፊው፣ ይሄን ብቻ። ሰሐን ከሰሐን ሲጋጭ ነበር በዚያ ቤት ድምፅ የሚሰማው። እኔ እንኳ፣ ሞትን በብዙ ቤት ያየሁት ሴትዮ፣ ማለቃቀስ አለ፣ መጣላት አለ፣ እንደዚያ ያለ ዝምታ ግን አይቼ አላውቅም። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ከረሙና አንድ ማክሰኞ ማታ እየተሻሙ እያወሩ በሩን ከፍተው ገቡ። ተርፏል፣ ተርፏል ይላሉ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤት ቆመው ዳቦ እየቆረሱ ያወራሉ። ድንቢጥ ሳቀች። ሄጄ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ እንዳያዩኝ።

ከዚያ ወዲህ የሚያወሩት ስለ ብርሃኑ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ። ከየአገሩ ደብዳቤ መጣ። ሌሎች ሰዎችም ቀንሰው አዩ፣ ለነሱም ተረፈ። ማንም አይቶት የማያውቅ ቁስ ነው የሚያበራው የሚሉ መጡ። አለቃቸው፣ ፀጉሩን ከግራ ጆሮው አንስቶ መላጣውን አሻግሮ ቀኝ ጆሮው ላይ የሚያሳርፈው ሰውዬ፣ ጭምቱን በየስብሰባው ይዞት ዞረ። በመጨረሻም ያን ብርሃን ብቻ የሚያይ አዲስ ሳተላይት ይሠራ ተባለ። ሁለት መቶ ሰው የያዘውን ሥራ ትቶ ሊገባበት ነው። ኃላፊው ጭምቱ። ፊርማው ሐሙስ።

የዚያ ሳምንት ማክሰኞ ድንቢጥ በምሳ ሰዓት ብቻዋን መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለታች ቤቷ ፀጉር ሠሪ እንዳትነግሪያት።"

"ስለ ፀጉር ነው?"

አልሳቀችም። ያኔ ነው የፈራሁት።

ቢሮ አዲስ ኮምፒውተር አምጥተውላቸው የድሮውን ፋይል እየገለበጠች ነበር። የጭምቱ የጋዝ ካርታ ከስንት ቁራጭ እንደተሠራ ታያለች፣ እግረ መንገዷን። አንዷ ቁራጭ ባዶ ሆና አገኘቻት። ቴሌስኮፑ ያን ቦታ ሲለካ ተበላሽቶ ነው፤ ቀዳዳ ሆኗል። እንደዚህ ያለ ቀዳዳ ሲያጋጥም የሚሠሩት ነገር አላቸው፦ በዙሪያው ያለውን ጋዝ አማካይ ይወስዱና ለጊዜው ይሞሉታል፣ ኋላ ትክክለኛው ልኬት ሲገኝ ይቀይሩታል። ጭምቱም ሞልቶታል። ከጎኑ ማስታወሻ ጽፏል። ከስልኳ ላይ አነበበችልኝ።

"ለጊዜው ከአካባቢው ተሞልቷል። ሰኞ አስተካክለዋለሁ።"

ከዚያ ቀኑን አነበበች። ዓርብ ነው። ወሩን ስትጠራ ክው አልኩ። ያን ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወደ ቢሮው የደወልኩት እኔ ነኝ። ድንቢጥ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብላ "እማዬ፣ አልተንቀሳቀሰችም" ስትለኝ፣ ስልኩን አንስቼ የያዝከውን ጥለህ ና ያልኩት እኔ ነኝ። የያዘውን ጥሎ መጣ። የያዘው ያን ነበር።

ሰኞ አላስተካከለውም። ሰኞ ልጅ ሲቀብር ነው የዋለው።

ቀዳዳው ውስጥ ደግሞ ወፍራም የጋዝ ደመና ነበረ፤ በቅርቡ ሌሎች ለክተው አግኝተውታል። ካርታው ግን ጋዙን አሳንሶ ነው የያዘው። ጋዙ ሲያንስ ሞዴሉ ብርሃኑን አሳነሰ፣ ሲቀንሱት ተረፈ። ትርፉ የተቀመጠው ልክ የቀዳዳዋን ቅርጽ ይዞ ነው። ሌሎቹስ ቀንሰው አላገኙትም ወይ አልኳት። አገኙት፣ ሁሉም ግን ካርታውን የወሰዱት ከሱ ነው አለችኝ። ከዚያ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፦

"ብርሃን የለም እማዬ። ጋዝ ነው። ያን ቀን ስለወጣ የቀረ ጋዝ።"

ዝም በይ አልኳት። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት፣ አላፍርበትም። ጋዙ ያለበት ድረስ ማን ሄዶ ይቆጥረዋል? የለኩት አሉ፣ ዛሬ ባይሆን ነገ ከካርታው ጋር ያስተያዩታል አለችኝ። ያስተያዩት፣ ያኔ ይወቁት አልኳት። ሁለት መቶ ሰው እኮ ነው፣ ዕድሜያቸውን ለሌለ ነገር ሊሰጡ ነው አለችኝ።

"ሁለት መቶ ሰው ደሞዝ አለው" አልኳት። "አንቺ ያለሽ አንድ ባል ነው።"

"እሱን ነው የምፈራው። ይሄ ብርሃን እኮ ነው ያቆመው። ብነግረው ምን ይዞ ይቀመጣል? ደግሞ ከየት እንደመጣ ሲጠይቀኝ ያቺን ቀን ላሳየው ነው።"

"እኮ አትንገሪው።"

"ባልነግረው ደግሞ አብሬው መብላት አልችልም።"

ተነስታ ወጣች። ጫማዋ ምንጣፉ ላይ ጭቃ ትቷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጮህኩባትም።

ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ጭንቀት ለመሸሽ ወደ ታች ወረድኩ። ምድር ቤት ያለችው ፀጉር ሠሪ የሠፈሩን ሁሉ ጉድ የምታውቅ ናት፣ ግማሹን የነገርኳት እኔ ነኝ። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና የሕንፃችን ሦስተኛ ፎቅ ሹፌር ሚስቱን ጥሎ ተመልሶ ጥሏት ተመልሶ መምጣቱን ተረከችልኝ። እኔ ዝም። የባለ መድኃኒት ቤቱ ልጅ ሰርግ መሰረዙን ነገረችኝ። እኔ ዝም። መቀሷን አስቀመጠችና ግንባሬን ዳሰሰችኝ፤ ትኩሳት አለሽ ወይ አለች። ፀጉሯን የምትተኩሳት ደንበኛ በመስታወቱ እያየችኝ ስቃ ልትሞት። ጥርሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። ጥርስ እንደሌለኝ ታውቃለች።

ማክሰኞ ማታ አልነገረችውም። ረቡዕ ጠዋት ነገረችው። ቁርስ በልተን እሱ ብርጭቆ እያጠበ ነበር፤ እኔ ከበሩ ጀርባ የልብስ ቅርጫት ይዤ ቆሜያለሁ፣ ቢያዩኝ ልብስ ልጥል ነው እንድል። ቀስ ብላ ነገረችው። ፋይሉን፣ ቀዳዳዋን፣ ደመናውን። ቀኑን አልጠራችም። ቀኑን ዘልላ "ያን ሳምንት" ነው ያለችው።

ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል። ከዚያ ዘጋው።

"አውቃለሁ" አለ።

ከመቼ ጀምሮ አለችው፤ ድምፅዋ እንደ ልጅ ቀጥኗል።

"ፋይሏን ስንት ጊዜ ከፍቻት መሰለሽ። በከፈትኩ ቁጥር ቀኗን አያታለሁ፣ እዘጋታለሁ። ነገ እላለሁ። ብርሃኑ ሲመጣ ጠርጥሬ ነበር። ልነግርሽ ነው ወደ ቤት የመጣሁት፣ ያን ማክሰኞ። መንገድ ላይ ግን አንቺ ማውራት ጀመርሽ። ዳቦ እየቆረስሽ ሳቅሽ። ከሷ በኋላ ስትስቂ ያየሁሽ ያን ቀን ነው።"

"እኔ የሳቅሁት" አለች ድንቢጥ፣ "አንተ ስለሳቅህ ነው።"

 ቅርጫቱ እጄ ላይ ከበደኝ። አምስት ዓመት ሙሉ እሱ ለሷ ብሎ፣ እሷ ለሱ ብላ፣ ሁለቱም የሌለ ብርሃን ሲሞቁ። እኔም ከመሀል ሆኜ ደስ ብሏቸዋል እያልኩ በየቤቱ ሳወራላቸው።

ስትወጣ ዐይኗ ደርቋል። ማልቀስ ሳይሆን ንዴት ነበር ፊቷ ላይ ያለው። ጠርጥረህ ደበቅከኝ፣ አምስት ዓመት ቁጥር ስደምር ዝም ብለህ አየኸኝ አለችው።   ትክክለኛውን ልኬት ከሌሎች አግኝታዋለች፣ ቀዳዳዋ ውስጥ አስገብታ ሞዴሉን እንደ አዲስ ልታስኬደው ነው። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። አብረህ ትመጣለህ ወይ ብላ በሩን ይዛ ቆመች። ራሱን ነቀነቀ። አልችልም ማለቱ ነው። በሩን ሳታጋጭ ዘጋችው፤ ብታጋጨው ይሻለኝ ነበር።

እሱ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ድንች እየላጥኩ ነበር። ሌላ ቢላ ሰጠሁት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ድንች እስኪልጥ አንድም ነገር አልተነፈሰም፤ ልጣጩን ሳያቋርጥ ነው የሚልጠው፣ ረጅም። እኔም፣ እኔ፣ አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ድንቹን እያየ መናገር ጀመረ።

ያን ቅዳሜ ሆስፒታል ድንቢጥ ልጅቷን አላይም ብላ ነበር፣ አታሳዩኝ ብላ። ደግሞም በመድኃኒት ደንዝዛ ነበር። እሱ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሳለ ነርሷ መጥታ እርስዎስ አለችው። ይሉኝታ ያዘኝ ነው የሚለኝ፣ እምቢ ማለት አፈርኩ። በነጭ ፎጣ ጠቅልላ ሰጠችው። ወንበር አልነበረም፤ ቆሞ ያዛት። ነርሷ እስክትመለስ ድረስ ነው የያዛት፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አያውቅም፣ ሰዓቱን ከጃኬቱ ጋር ቢሮ ትቶታል።

"ለሚስትህ አልነገርካትም?" አልኩት።

"አላይም ያለችውን እንዴት ልንገራት እማማ? ስትጠይቀኝ እነግራታለሁ አልኩ። አልጠየቀችኝም።"

ምን ትመስል ነበር አልኩት። ነገረኝ። ድንቹ ጥቁር እስኪሆን ድረስ ነገረኝ። ሁለቱንም እጁን እንደያዘባት አድርጎ አሳየኝ፣ ቢላው አሁንም እጁ ላይ እንዳለ። እኔ በዕድሜዬ የማልረሳው ያን ነው፣ ቢላውን ረስቶት።

ድንቢጥ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሰች። ኮቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

"ጠፋ" አለች።

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ልክ ሆነ፣ ምንም አልተረፈም።"

ራሱን ነቀነቀ። ሲያስቡት እኮ መልካም ነገር ነው፤ ሒሳባቸው ልክ ሆነ፣ ለአምስት ዓመት ያልገጠመው ገጠመ። የእሷ ስሌትም ከመጀመሪያው እንከን አልነበረበትም። እዚያ ቤት ግን አስከሬን የገባ ነው የሚመስለው። ሾርባውን አቀረብኩ፤ ሦስታችንም ማንኪያ ይዘን ተቀመጥን፣ ማንም አልበላም።

ሐሙስ የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። ፊርማ ሊፈረምበት በነበረው አዳራሽ ጭምቱ ብቻውን ቆሞ ተናገረ። ስሕተቱ የኔ ካርታ ነው፣ ቀዳዳዋን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ አግኝታ ያስተካከለችው ባለቤቴ ናት አለ። አለቃው ፀጉሩ ከመላጣው ተነስቶ ወደ ግራ ተመለሰ አለችኝ፤ በዚያ መሀል እንኳ እንደዚያ አለችኝ፣ በማን እንደወጣች አትጠይቁኝ ብያችኋለሁ። ማስታወሻው ስክሪኑ ላይ ይታይ ስለነበር ከኋላ አንዱ ተነስቶ ጠየቀው። ሰኞ አስተካክላለሁ ብለህ ጽፈሃል፤ ለምን አላስተካከልከውም?

"ረሳሁት" አለ።

ረሳሁት። አዳራሹ ሙሉ ሰው እንደ ዝርክርክ አየው፣ አንዳንዱም ሳቀ። ድንቢጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነስቼ አልረሳውም ማለት ነበረብኝ እማዬ አለችኝ፤ ብል ግን ስለሷ ልናገር ነው፣ አፌ አልከፈት አለኝ። ተቀምጣ ቀረች። እሱም ቀና ብሎ አላያትም። ማን ማንን እንዳዳነ፣ ማን ማንን እንደጣለ እኔ እስከዛሬ አላውቅም።

ሰው ሁሉ ተጣልተው ነው የተለያዩት ይላል። ፀጉር ሠሪዋ ሌላ ሴት አለ ብላ ሦስት ዓይነት ታሪክ አዘጋጅታ ነበር፤ አንዱን እኔው ራሴ ነኝ ያጣፈጥኩላት፣ እውነቱን እንዳትደርስበት። አልተጣሉም። ቢጣሉ ቢያንስ ይነጋገሩ ነበር። ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣሉ፣ የሚያወሩት የላቸውም። ያ ብርሃን ነበር ወሬያቸው። ከሥሩ የነበረችው ልጅ ደግሞ አሁን ቁልጭ ብላ ትታያቸዋለች፣ እሱ እሷን ሲያይ፣ እሷም እሱን ስታይ። በአምስተኛው ሳምንት በሌላ ከተማ ትምህርት ቤት ሒሳብ ለማስተማር ተቀጠረ። አንድ ሻንጣ ነው የያዘው። ጉልበቴን ስሞኝ "አይዞዎት" አለኝ፤ እኔን። አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኘችው።

ስትመለስ አልጋዬ ላይ ሆኜ በመስኮቱ አያታለሁ። ፀጉር ሠሪዋ በሯ ላይ ወጥታ ልታናግራት ፈለገች፤ ድንቢጥ አልፋት ገባች። ደረጃውን ስትወጣ እቆጥራለሁ። ኮቷን ሰቀለች፣ ጫማዋን አወለቀች። መጥታ አልጋዬ ላይ፣ ከእግሬ በኩል ተቀመጠች። ትልቅ ሴት ናት፣ አርባ ሊሞላት ነው፣ እግሯ ግን ወለሉ ላይ አይደርስም።

"ያን ረቡዕ" አለች፣ "እኔ ቢሮ እያለሁ ከሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ነበር አይደል? ድንቹ ሁሉ ጠቁሮ ነበር።"

"ነበርን።"

"ስለሷ ነገረሽ?"

አዎ አልኳት።

 በሕይወቴ ያልተጠየቅሁትን ስናገር ነው የኖርኩት፤ ያን ጊዜ ግን ምላሴ ላይ ያለውን ይዤ ጠበቅኋት። አልጋ ልብሴን በጣቶቿ ትጎነጉናለች፣ ትፈታለች። መንገዱ ላይ መኪና አለፈ፣ ሌላም አለፈ።

"ምን ትመስል ነበር?" አለችኝ።

እጇን ያዝኩ፣ ነገርኳት። ፀጉሯ ብዙ ነበር፣ ጥቁር፣ ግንባሯ ላይ የተጣበቀ። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ታጥፎ ነበር፣ በጣቱ ሊያቃናላት ሞክሮ ተመልሶ ታጠፈበት። ጥፍር ነበራት።